ኮመጠጠ ወይስ ጎመዘዘ? በበርሜል የቆየ ቢራን ስለመቅመስ

አክስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠላ ሲጠምቁ የኖሩ ሴት ናቸው። ባለፈው ዓመት ብራስልስ ድረስ ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ አንድ የጉዝ ጠርሙስ ከፍቼ በትንሽ ብርጭቆ ቀዳሁላቸው። ጉዝ በዚህች ከተማና በዙሪያዋ የሚጠመቅ፣ በበርሜል ለዓመታት የሚቆይ ጎምዛዛ ቢራ ነው። አንዴ ፉት አሉና ብርጭቆውን መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይህ እኮ ኮምጥጦባቸዋል» አሉ። ነቀፋ አልነበረም፤ ለጠማቂው አዝነው ነው። ጥቂት ቆይተው ግን ብርጭቆውን ራሳቸው አነሡት። ደግመው ቀመሱ፣ ምላሳቸውን ከላንቃቸው አጣብቀው ዝም አሉ። ከዚያ «አይ፣ አልተበላሸም። አውቀው ነው ያጎመዘዙት» አሉ።

ይህን መጠጥ ለሰው ሳስረዳ ከዚያ ቀን ወዲህ የምጀምረው ከአክስቴ ሁለት ጉንጭ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ ይቀራል። ቢራ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ፣ መረር የሚል መጠጥ ስለሆነ ጎምዛዛ ቢራ ስንቀምስ ምላሳችን «ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርዳል። በተለመደው ቢራ ፍርዱ ትክክል ነው፤ እዚያ መጎምዘዝ ያልተጋበዘ ባክቴሪያ መግባቱን ያሳያል። እዚህ ግን ባክቴሪያው የተጋበዘ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ መጎምዘዙ አይደለም፤ በምን ጎመዘዘ፣ ምን ያህል ጎመዘዘ፣ ከምን ጋር ሆኖ ጎመዘዘ የሚለው ነው። ይህን መለየት የቻለ ሰው መጠጡን ማጣጣም ችሏል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀዝቃዛ ሌሊት ነው። ከብራስልስ ደቡብ ባቡር ጣቢያ ወርዶ ጥቂት የተራመደ ሰው አንደርሌክት በተባለው ሰፈር ካንቲዮን የሚባለውን ጠመቃ ቤት ያገኛል። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው፤ ከ1978 ጀምሮ ደግሞ ሥራውን ሳያቋርጥ ለጎብኚ ክፍት የሆነ ሙዚየም ሆኗል። እዚያ የሚጠመቀው፣ ለጉዝ መነሻ የሚሆነው መጠጥ ላምቢክ ይባላል። ከእህሉ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የገብስ ብቅል፣ የቀረው ያልበቀለ ስንዴ ነው። በጌሾ ፋንታ ሆፕ የተባለው ተክል ይገባል። ሌሎች ጠማቂዎች ሆፑ ትኩስ እንዲሆን ይጨነቃሉ፤ የላምቢክ ጠማቂዎች ግን እስከ ሦስት ዓመት ድረስ አስቀምጠው ያስረጁታል። ሲያረጅ ምሬቱ ይጠፋል፤ ክፉ ባክቴሪያዎችን የሚገታው ኃይሉ ግን በከፊል ይቀራል። ምሬትና መጎምዘዝ በአንድ አፍ ውስጥ ስለማይስማሙ ነው ይህን ያህል የሚደክሙት።

የብቅሉ ውሃ ለሰዓታት ከፈላ በኋላ ወደ ጣሪያው ሥር ወደሚገኝ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የመዳብ ገንዳ ይወጣል። መስኮቶቹ ይከፈታሉ። ሌሊቱን ሙሉ እንፋሎቱ እየወጣ፣ የውጭው አየር እየገባ ያድራል፤ ሲነጋ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። እርሾ የሚጨምር ሰው የለም። እርሾውም ባክቴሪያውም ከአየሩና ከቤቱ ራሱ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ላምቢክ በሞቃት ወራት አይጠመቅም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ገንዳው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ በሞቃቱ ወራት ግን ቀስ እያለ ስለሚቀዘቅዝ የማይፈለገው ተሐዋሲ ቀድሞ ይወርረዋል።

ጠዋት መጠጡ ወደ እንጨት በርሜል ይወርዳል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በበርሜሉ ውስጥ ተራ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአንጀት ባክቴሪያዎች ጋር የሚዛመዱ ተሐዋስያን ይሠለጥናሉ፤ በዚያ ወቅት የሚሸተው ነገር ደስ አይልም። አልኮሉና አሲዱ ሲጨምር እነርሱ ይሞታሉ። ተራው የተለመደው የቢራ እርሾ ይሆናል፤ አብዛኛውን ስኳር በልቶ ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሱ ነው። ወራት አልፈው ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ፔዲዮኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ይነቃና ላክቲክ አሲድ ማምረት ይጀምራል። አንዳንድ ጊዜ በዚህ ደረጃ ቢራው እንደ ተልባ ውሃ ይዝለገለጋል። ጠማቂዎቹ «ታሟል» ይላሉ እንጂ አይደፉትም። ምክንያቱም የመጨረሻው ተረኛ ገና አልመጣም።

እርሱ ብሬታኖማይሲስ የተባለው እርሾ ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ኒልስ ክላውሰን እ.ኤ.አ. በ1904 ስለዚህ እርሾ ሲያሳውቅ ያገኘው ከእንግሊዝ ቢራ ስለነበር ስሙን «የብሪታንያ ፈንገስ» እንደማለት አወጣለት። በላምቢክ ውስጥ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ በብራስልስ ስም ተጠርቷል። ይህ እርሾ ታጋሽ ነው። ሌሎቹ መብላት ያቃታቸውን የተረፈ ስኳር ቀስ እያለ ይበላል፤ ያንን ዝልግልግ ነገር ሳይቀር አፍርሶ ቢራውን መልሶ ያጠራዋል። የላምቢክ መለያ የሆነውን የጋጣና የቆዳ ሽታ የሚሰጠውም እርሱ ነው። ብዙ ወይን ጠማቂዎች እንደ ወረርሽኝ ይሸሹታል፤ እዚህ ግን ያለ እርሱ ሥራው አይጠናቀቅም።

በርሜሉ ለምን እንጨት ይሆናል? ብዙ ሰው በርሜል ሲባል የኦክ እንጨት የሚሰጠውን የቫኒላና የጢስ ጣዕም ያስባል። በዚህ መጠጥ ያ አይፈለግም። የሚመረጠው ወይን ለዓመታት የቆየበት፣ ጣዕሙን ሰጥቶ የጨረሰ አሮጌ በርሜል ነው። እንጨቱ የሚፈለገው ስለሚተነፍስ ነው፤ በቀጫጭን ቀዳዳዎቹ እጅግ ትንሽ ኦክስጅን ያሳልፋል። 225 ሊትር የሚይዝ ትንሽ በርሜል በሺህ የሚቆጠር ሊትር ከሚይዘው ግዙፍ በርሜል ይልቅ ለእያንዳንዱ ሊትር ብዙ አየር ያስገባል። አየር ሲበዛ ደግሞ ሆምጣጤ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ይበረታሉ። በቢራው ገጽ ላይ እርሾው የሚሠራው ስስ ሽፋን ለዚህ ይጠቅማል፤ ከላይ የሚመጣውን አየር ይከላከላል። በርሜሉን የሚነቀንቅ፣ ሽፋኑን የሚቀድድ ሰው ቢራውን ያበላሻል።

አሁን ወደ አሲዶቹ ልምጣ፤ ለቀማሽ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር እዚህ ነው። በእነዚህ ቢራዎች ውስጥ ዋናዎቹ አሲዶች ሁለት ናቸው፦ በአጓት ያለው ላክቲክና በሆምጣጤ ያለው አሴቲክ። ልዩነታቸውን ለማወቅ ቢራ መግዛት አያስፈልግም። ወጥ ቤት ግቡና ሁለት ብርጭቆ አዘጋጁ። በአንዱ አጓት ቅዱ፤ አጓት ካጣችሁ ከእርጎ ላይ የሚያቅረውን ውሃ። በሌላው ብርጭቆ ውሃ ቀድታችሁ ጥቂት ጠብታ ሆምጣጤ ጨምሩበት። መጀመሪያ ሁለቱንም አሽትቱ። አጓቱ ጎምዛዛ መሆኑን አፍንጫ አይናገርም፤ ላክቲክ አሲድ አይተንምና። ሆምጣጤው ግን ገና ከንፈር ሳይነካ አፍንጫን ወጋ ያደርጋል። ቀጥሎ ቅመሱ። አጓቱ የምላስን ጎንና ጎን ይዞ ክብ ሆኖ ይሰማል፤ ምራቅን ያመጣል፣ ከዚያ ይሄዳል። ሆምጣጤው ሹል ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይቆያል፣ ትንሽም ያቃጥላል።

በጥሩ ጉዝ ውስጥ አለቃው ላክቲክ ነው። እንጀራ በልቶ ያደገ ምላስ ለዚህ አሲድ እንግዳ አይደለም፤ የጤፍ ሊጥ የሚጎመዝዘው በዋናነት በዚያው በላክቲክ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። አክስቴ በሁለተኛው ጉንጭ ፍርዳቸውን ያነሡት ይህን ስላወቁት ይመስለኛል። ሆምጣጤው እንደ ቅመም ትንሽ ሲኖር ጣዕሙን ያነቃል፤ ሲበዛ ግን ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

ሁሉም በአንድ ሚዛን ይፈረድ ማለቴ ግን አይደለም። በምዕራብ ፍላንደርስ ሩስላሬ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1821 የተመሠረተው ሮደንባክ የሚጠምቀው ቀይ ቡናማ ቢራ ሌላ ቤተሰብ ነው። እዚያ 294 ግዙፍ የኦክ በርሜሎች ከወለል እስከ ጣሪያ ቆመዋል። ግራን ክሩ የተባለው ቢራቸው ሁለት ሦስተኛው ለሁለት ዓመት የቆየ፣ አንድ ሦስተኛው ወጣት ቢራ ነው። በውስጡ የሆምጣጤ ሽታ ይታወቃል፤ ከቀይ ብቅሉ ጣፋጭነት ጋር ተመዝኖ ስለገባ ግን ሰላጣ ላይ እንደሚጨመር ሆምጣጤ ነው የሚሠራው። ሮደንባክን «ጉዝ አይመስልም» ብሎ መንቀፍ ጠጅን «ጠላ አይመስልም» ብሎ እንደመንቀፍ ነው።

ጉዝ ራሱ እንዴት ከላምቢክ እንደሚወለድ ሳልናገር ወደ ብርጭቆው መሄድ አልችልም። ከበርሜል በቀጥታ የተቀዳ ላምቢክ አረፋ የለውም፤ ጭጭ ያለ መጠጥ ነው። ከአንድ ቀን ጠመቃ፣ በአንድ ቤት፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት በርሜሎች እንኳ ጣዕማቸው አንድ አይሆንም። አንዱ ሲሳላ ሌላው ይለሰልሳል፤ አንዱ ሎሚ ሎሚ ሲል ሌላው አይብ አይብ ይላል። ስለዚህ ቀላቃይ የሚባል ባለሙያ ከበርሜል ወደ በርሜል እየዞረ ይቀምሳል፣ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢኮችን መርጦ ያዋህዳል። ወጣቱ ያልተበላ ስኳርና ሕይወት ያመጣል፤ ሽማግሌው ጥልቀትና አሲድ። ውሁዱ በወፍራም የሻምፓኝ ጠርሙስ ታሽጎ ወራት ሲተኛ፣ ከወጣቱ የመጣው ስኳር በጠርሙሱ ውስጥ ይፈላና አረፋውን ይሠራል። ለእኔ በዚህ ሙያ ትልቁ ሰው ጠማቂው ሳይሆን ቀላቃዩ ነው። ጠማቂው ለሌሊቱ አየር አሳልፎ የሰጠውን ነገር መልሶ የሰው ሥራ የሚያደርገው እርሱ ነውና።

ለሚገዛ ሰው አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። በጠርሙሱ ላይ ከጉዝ በፊት በደች «አውደ»፣ በፈረንሳይኛ «ቪዬይ» የሚል ቃል፣ ማለትም «አሮጌ»፣ መኖሩን እዩ። ይህ ስም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ በውህዱ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሞላው ላምቢክ መኖር አለበት። ቃሉ የሌለባቸው ብዙዎቹ ስኳር ወይም ማጣፈጫ የተጨመረባቸው ናቸው። መጠጣት ነውር አይደለም፤ የብራስልስ ሰዎችም በድሮ ጊዜ በቡና ቤት ለላምቢካቸው የስኳር ድንጋይ ይቀርብላቸው ነበር፤ በብርጭቆው ውስጥ የሚወቅጡበት ትንሽ ብረት ሳይቀር ነበራቸው። ነገር ግን ስኳሩ የሚሸፍነው ልክ እኛ የምንፈልገውን ነገር ነው።

እንግዲህ ጠርሙሱ በእጃችሁ ነው። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ 12 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። በጣም የቀዘቀዘ ጉዝ አሲዱ ብቻ ይወጣና ሽታው ይታፈናል፤ ከዚያ «ጎምዛዛ ነው» ከማለት ሌላ የሚባል ነገር አይገኝም። ከታች ዝቃጭ ስላለ ጠርሙሱን ሳትነቀንቁ፣ እጃችሁን ሳትመልሱ በቀስታ ቅዱ። አረፋው ነጭና ደቃቅ መሆኑን፣ ቀለሙ ከወርቅማ እስከ ማር የሚደርስ መሆኑን ካያችሁ በቂ ነው፤ ዓይን በዚህ ጉዳይ ብዙ አይረዳም።

ሥራው የአፍንጫ ነው። ሳትጠጡ አሽትቱ፣ ብርጭቆውን አዙራችሁ ደግማችሁ አሽትቱ። መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የሎሚ ልጣጭ ወይም የፖም ቆዳ ነው። ከሥሩ ደግሞ ሌላ አለ፦ ፀሐይ የመታው ድርቆሽ፣ ያረጀ ኮርቻ፣ የፈረስ ላብ። የከተማ ልጅ ይህን ሲሰማ ይሸማቀቃል። ከብት ባለበት ግቢ ያደገ ሰው ግን ሽታው ንጹሕ መሆኑን ያውቃል፤ የደረቀ ጋጣ ሽታና የቆሻሻ ሽታ አንድ አይደሉም።

የመጀመሪያውን ጉንጭ ለመፍረድ አትጠቀሙበት። እርሱ ቀደም ብላችሁ የበላችሁትን ከምላስ ያጥባል፣ አፋችሁንም ለአሲዱ ያለማምዳል። በሁለተኛው ላይ ቆም በሉ። ጉምዘዛው እንዴት ገባ? በአንድ ጊዜ መታችሁ ወይስ ቀስ እያለ ወጣ? መካከሉ ላይ ከአሲድ ሌላ ምን አለ፤ እህሉ፣ እንጨቱ፣ ፍራፍሬው ይሰማል? የኦክ እንጨት አሻራ የሚታወቀው እዚህ ነው፤ እንዳልበሰለ ሙዝ ምላስን ያዝ ያደርጋል። ከዚያ ዋጡና ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። ስኳሩ ሁሉ ስለተበላ መጨረሻው ደረቅ ነው፤ ጥሩ ጉዝ አፍን ንጹሕ አድርጎ ትቶ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል።

ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ ያልኩት ለጣዕም ብቻ አይደለም። በእነዚህ ቢራዎች ላይ ከሚደርሱት ጉድለቶች አንዱ ተንኮለኛ ነው፤ ጠማቂዎች የአይጥ ጣዕም ይሉታል። አይጥ የኖረችበት የእህል ጎተራ ይመስላል። አፍንጫ አያገኘውም፤ በአሲዱ ውስጥ ታስሮ ስለሚቀር አይተንም። አፍ ውስጥ ገብቶ ምራቅ አሲዱን ሲያለዝበው ግን ተፈትቶ ይወጣል። መጠጡ ከተዋጠ በኋላ ነው የሚመጣው ማለት ነው። ጭራሽ የማይሰማቸው ሰዎችም አሉ፤ አንዱ እየተንገፈገፈ ሌላው ደስ ብሎት ቢጠጣ ሁለቱም አልዋሹም። ሌሎቹ ጉድለቶች ግልጽ ናቸው፦ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ አሴቲክ አሲዱ ከአልኮሉ ጋር ተዋህዶ ከመጠን ማለፉን ይናገራል፤ የሻገተ ቅቤ ወይም የትውከት ሽታ ደግሞ ቡቲሪክ አሲድ ነው።

በዚህ አጋጣሚ የምጠላውን አስተሳሰብ ልናገር፦ «በጣም የጎመዘዘው ነው ምርጡ» የሚለውን። አሲድ ማብዛት ቀላል ነው። ዛሬ በብዙ አገር ቢራውን ገና በድስቱ ሳለ በላክቲክ ባክቴሪያ በአንድ ወይም በሁለት ቀን አጎምዝዘው የሚሸጡ አሉ። ለሙቀት ቀን የሚሆን ርካሽና አስደሳች መጠጥ ነው፤ ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። በበርሜል ሦስት ዓመት የሚፈጀው ነገር አሲዱ አይደለም፤ በአሲዱ ዙሪያ ያለው ነው።

የፍራፍሬውን በአጭሩ ልለፈው። ክሪክ የሚባለው ቢራ ጎምዛዛ ቼሪ የተባለው ፍሬ በላምቢክ ውስጥ ለወራት ተነክሮ የሚገኝ ነው፤ በባህላዊው መንገድ ለአንድ ሊትር 200 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ፍሬ ይገባል። የፍሬው ስኳርም ይበላል፤ ስለዚህ እውነተኛ ክሪክ ቀይ ቢሆንም ጣፋጭ አይደለም። የፍሬው ፍሬ፣ ማለትም ዘሩ፣ የለውዝ ዓይነት መዓዛ ይሰጠዋል።

ከምግብ ጋር አሲድ ቅባትን ይቆርጣል። የብራስልስ ሰዎች ዳቦ ላይ ትኩስ ነጭ አይብ ቀብተው ቀይ ሥር ከመሰለችው ራዲሽ ጋር ያቀርቡታል። እኔ ከክትፎና ከአይብ ጋር ሞክሬው ወድጄዋለሁ፤ ሚጥሚጣው ሲበዛ ግን አሲዱና ቃጠሎው ይደራረባሉ። የአልኮሉ መጠን ከ5 እስከ 6 በመቶ ገደማ ነው። ጨጓራ የሚያስቸግረው ሰው በባዶ ሆዱ አይንካው።

ጠርሙሱ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል። ጠላቱ ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ቤርሰል በምትባል ከተማ ድሪ ፎንታይነን በተባለው ጠመቃ ቤት የሙቀት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ መጋዘኑ ጋለ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጉዝ ጠርሙሶች ተበላሹ፣ ከእነርሱም የፈነዱ ነበሩ። ባለቤቱ አርማንድ ደበልደር የተረፈውን ቢራ ከፍቶ አረቄ አስወጣበት፤ በአረቄው ሽያጭም ሥራውን ለማንሠራራት ተጠቀመበት።

አክስቴ ወደ አገር ቤት ከመመለሳቸው በፊት ወደ ካንቲዮን ይዣቸው ሄድኩ። የመዳቡን ገንዳ አዩ፣ አረፋ የሌለውን ላምቢክ ቀመሱ፣ ብዙም አልተናገሩም። በርሜሎቹ የተደረደሩበት ክፍል ስንደርስ ግን ቆሙ።

«ጋኑን በምን ያጥቡታል? ጠይቅልኝ» አሉኝ።

ጠየቅኩላቸው። በሙቅ ውሃ፣ ውስጡንም በሰንሰለት እያንኳኩ እንደሚያጥቡት ተነገረን።

«ግራዋ የላቸውም?»

«የላቸውም፣ እቴቴ።»

«በወይራስ አያጥኑትም?»

«አያጥኑትም። ካጠኑትማ ውስጡ ያለው ይሞትባቸዋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የታጠበ ባዶ በርሜል አፉ ተከፍቶ ተጋድሞ ነበር። ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ፤ አፍንጫቸውን ከቀዳዳው አስጠግተው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ቀና ሲሉ እጃቸውን በርሜሉ ሆድ ላይ አሳርፈው «እርሾአቸውን የሚያኖሩት እዚህ ነው» አሉኝ።